ሳይመዝኑ መዞር አይቻልም፦ ወደ ጥንድ አስትሮይድ የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በሰከንድ 4 ሴንቲ ሜትር። ሁለት ጣት ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚኖረው ስፋት ነው። አንዲት መንኮራኩር ዲዲሞስ የተባለውን አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የጠፈር አለት) ከ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ክብ ሠርታ ልትዞረው ብትፈልግ፣ መሄድ ያለባት በግምት በዚህ ፍጥነት ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 47 ቀን ይፈጅባታል። በሰከንድ ሌላ አንድ ጣት ያህል ብትጨምር ደግሞ ስበቱ ይለቃታል። ሄደች ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መሬትን በ90 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ምህዋር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ይህን ነው፤ ፈጣን፣ አስተማማኝ፣ አንዴ ከገቡበት በራሱ የሚሄድ። ትንሽ አስትሮይድ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስበቱ በጣም ደካማ ስለሆነ የፀሐይ ብርሃን ራሱ ተፎካካሪ ይሆናል። ብርሃን ይገፋል። እኛ አይሰማንም። ሰፋፊ ሶላር ፓነል ዘርግታ ለምትጓዝ መንኮራኩር ግን፣ ከዲዲሞስ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ብርሃኑ የሚገፋት ኃይል አስትሮይዱ ከሚስባት ጋር ተቀራራቢ ነው።

ይህን ያነሳሁት ሄራ የተባለችው የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ መንኮራኩር በ2026 መጨረሻ ዲዲሞስ ዘንድ እንድትደርስ ስለታቀደ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ሲወራ ጎልቶ የሚነሳው ሮኬቱና ካሜራው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ዕቅዱ ነው። ሰዎቹ የሚያቅዱት ማንም ቀርቦ ላላጠናው ቦታ ነው። አስትሮይዱን በደህና ለመዞር ክብደቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ክብደቱን በትክክል ለማወቅ ደግሞ ቀርቦ መሰንበት ያስፈልጋል። የዶሮና የእንቁላል ነገር ነው። ጥሩ ዕቅድ ከመጥፎው የሚለየው ይህን ቋጠሮ በሚፈታበት መንገድ ይመስለኛል።

ጥንዶቹና የ2022ቱ ግጭት

ዲዲሞስ በግሪክኛ «መንታ» ማለት ነው። የተገኘው በ1996 ነው። ስፋቱ ወደ 780 ሜትር ይጠጋል። ዲሞርፎስ የምትባል፣ 150 ሜትር ያህል ስፋት ያላት ትንሽ ጨረቃ አለችው። ከመሐል እስከ መሐል ሲለካ በመካከላቸው 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ያለው።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 የናሳ መንኮራኩር ዳርት ዲሞርፎስን ሆን ብላ ገጨቻት። ፍጥነቷ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዓላማው አንድ ቀን ወደ መሬት የሚመጣ አስትሮይድ ቢገኝ ገፍቶ መንገዱን ማስቀየር ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። ዲሞርፎስ ዲዲሞስን አንዴ ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይወስድባት ነበር። ናሳ 73 ሰከንድ ብቻ ቢቀየር እንኳ ተሳክቷል ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። የተቀየረው ከ30 ደቂቃ በላይ ነው። ዛሬ ዙሩ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ሆኗል።

ታዲያ ሥራው አልቋል? አላለቀም። የዙሩ ለውጥ የታወቀው ከመሬት ላይ በቴሌስኮፕ ነው። የዲሞርፎስን ክብደት ግን ከዚህ ሆኖ በትክክል መለካት አልተቻለም። ክብደቷ ካልታወቀ ግፊቱ ምን ያህል እንደሠራም በትክክል አይታወቅም። ሲገጯት የተረጨው ድንጋይና አቧራ ወደ ኋላ ሲፈናጠር እሷን ተጨማሪ ገፍቷታል። ሳይንቲስቶች ጠቅላላው ግፊት ዳርት ብቻዋን ከምታሳርፈው በ3.6 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ገምተዋል። ይህ ግምት ጨረቃዋ ምን ያህል እምቅ ናት በሚለው ላይ የቆመ ነው። ያ ከተቀየረ ግምቱም ይቀየራል።

በመጀመሪያው ሐሳብ አንዲት የአውሮፓ መንኮራኩር ቀድማ እዚያ ደርሳ ግጭቱን በቅርብ ትከታተል ነበር። ኤይም ትባል ነበር። በዲሴምበር 2016 የአባል አገራቱ ሚኒስትሮች ሲሰበሰቡ በቂ ገንዘብ አላገኘችም፤ ተሰረዘች። ዳርት ስትጋጭ አጠገቧ የነበረችው ሊቺያኩብ የተባለች ትንሽ የጣሊያን ሳተላይት ናት። እሷም ፎቶ እያነሳች አለፈች እንጂ ልትቆይ አትችልም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እንዲህ ያለ ሙከራ በየዓመቱ አይደረግም። ከግጭቱ በፊትና በኋላ ያለውን ገጽታ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የምንችልበት ዕድል አመለጠን። ሄራ በ2019 የተፈቀደችው የተረፈውን ለማዳን ነው።

ለመጋጨት 10 ወር፣ ለመጎብኘት 2 ዓመት

ዲዲሞስ «ለመሬት ቅርብ» ከሚባሉት አስትሮይዶች አንዱ ነው፤ ስያሜው ግን ያሳስታል። ዲዲሞስ ፀሐይን በ770 ቀን አንዴ ይዞራል። በቀረበ ጊዜ የመሬትን ምህዋር ሊነካ ይደርሳል። በራቀ ጊዜ ከማርስ ወዲያ ማዶ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን እኛ ጋ ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ሶላር ፓነሉ የሚለካው በዚያ በደከመው ብርሃን ነው። በጥሩው ቀን የለካ መሐንዲስ በክፉው ቀን መንኮራኩሩን ያጣል።

ዳርት ከተነሳች በ10 ወር ደርሳለች። ሄራ ከ2 ዓመት በላይ ትጓዛለች። ልዩነቱ ቀላል ነው። ዳርት ፍሬን አያስፈልጋትም ነበር። ሄራ ግን ደርሳ፣ ቀዝቅዛ፣ ከአስትሮይዱ ጋር በእኩል ፍጥነት ጎን ለጎን መሄድ አለባት። ለዚያ ነዳጅ ይፈልጋል። ነዳጅ ደግሞ ክብደት ነው። ስለዚህ አቅጣጫና ፍጥነትን በነጻ የምትለውጥ ፕላኔት ፍለጋ ይሄዳሉ። ሄራ ማርች 12 ቀን 2025 ከማርስ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አልፋ የስበቷን ግፊት ተጠቅማለች። በመንገዷ ዲሞስ የተባለውን የማርስ ጨረቃ ፎቶ አንስታለች። ካሜራዎቹ የተፈተኑትም በዚያው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መነሻው ቀን ሲገጥም ብቻ ነው። ሄራ የተመደበላት ጊዜ በኦክቶበር 2024 ውስጥ 3 ሳምንት ያህል ነበር። ኦክቶበር 7 ጠዋት ፍሎሪዳ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው። የአየር ትንበያው ለመነሳት የሚመች ሁኔታ የመኖሩን ዕድል 15 በመቶ ብቻ ብሎታል። እንደዚያም ሆኖ ደመናው በቂ ክፍተት ሰጠና ፋልከን 9 ሮኬት ይዟት ተነሳ። ከቀናት በኋላ ሊነሳ የነበረው ሌላ የናሳ ጉዞ ግን በዚያው አውሎ ነፋስ ምክንያት መቆየት ግድ ሆኖበታል።

ቀኑ ሳይገጥም ሲቀር የሚሆነውን ጃኑስ ያሳየናል። ጃኑስ ሁለት ትንንሽ መንኮራኩሮች ነበሩ። ወደ ሁለት የተለያዩ ጥንድ አስትሮይዶች ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነበር። በ2022 ሳይኪ ከተባለችው ትልቅ መንኮራኩር ጋር አንድ ሮኬት ላይ ተሳፍረው ይነሳሉ ተባለ። ሳይኪ ዘገየች፤ ዓመት ዘገየች። በአዲሱ ቀን ቢነሱ አስትሮይዶቹ የሚደረስባቸው ቦታ ላይ አይደሉም። በ2023 ናሳ መንኮራኩሮቹን ማከማቻ አስገባቸው። የተሠሩ ናቸው። ችግር አልተገኘባቸውም። መንገዱ ብቻ ጠፋ። የሰው መኪና ላይ ተደርቦ መሄድ ርካሽ ነው፤ ሹፌሩ ሲቀር ግን አብሮ መቅረት ነው።

ወዲህ ብትል ጨረቃዋ፣ ወዲያ ብትል ፀሐይ

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። መንኮራኩሯ ደርሳለች እንበል። የት ትቁም?

ራቅ ብላ ብትዞር የፀሐይ ብርሃን ከምህዋሯ እየገፋ ያወጣታል። ጠጋ ብላ ብትዞር ዲሞርፎስ አለች። በየ11 ሰዓቱ እየተመላለሰች ስበቱን ታናውጣለች። አንድ ጊዜ ታፋጥናለች፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ትጎትታለች። ነጠላ አስትሮይድ ቢሆን መውጫ አለው። ኦሳይረስ-ሬክስ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ2018 የመጨረሻ ቀን ቤኑን መዞር ጀምራ ነበር። ቤኑ ስፋቱ ወደ 490 ሜትር ነው። ምህዋሯን ቀንና ሌሊት በሚገናኙበት መስመር ላይ አድርጋ ፀሐይ ሁልጊዜ ከአንድ ጎን እንድትመታት አደረገች። ጥንድ ጋ ሲሆን ይህ መላ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ የሄራ ዕቅድ አውጪዎች ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ወሰኑ። በመጀመሪያ አትዞርም። አስትሮይዱ ፊት ለፊት በ20 እና በ30 ኪሎ ሜትር መካከል ሆና ቀጥ ባሉ ረጃጅም ቅስቶች ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች። እያንዳንዱ ቅስት 3 ወይም 4 ቀን ይወስዳል። መጨረሻው ላይ ሞተሯን ትንሽ ተኩሳ ትታጠፋለች። ሦስትና አራት ሲፈራረቁ አንድ ሳምንት ይሞላል። ስለዚህ ከሳምንቱ ውስጥ መታጠፊያዎቹ የሚውሉባቸው ቀናት አይቀየሩም። በጀርመን ዳርምሽታት ያለው የቁጥጥር ቡድን ወራቱን ሙሉ በአንድ የሥራ ፕሮግራም ይሠራል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። የደከመ ሰው ስህተት መንኮራኩር እንደሚያጠፋ ለሚያውቅ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የቅስቶቹ ሌላ ጥቅም ይበልጣል። በእያንዳንዱ ቅስት ላይ ፍጥነቷ አስትሮይዱ ይዞ ሊያስቀራት ከሚችለው በላይ ነው። ሞተሯ አንድ ቀን እምቢ ቢል ወደ አለቱ አትወድቅም፤ አልፋ ወደ ባዶው ጠፈር ትሄዳለች። ከዚያ በእርጋታ ችግሩን ፈትቶ መመለስ ይቻላል። መጥፎ ነገር ሲመጣ ምንም ባለማድረግ የምትድንበት መንገድ መምረጥ፣ ለእኔ የዕቅዱ ሁሉ እንብርት እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱም ርቀቱ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲሆን አንድ ትእዛዝ ለመድረስ ብቻ ከ8 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። መልሱ ሲመጣ ሌላ 8 ደቂቃ። «ቁሚ» ብለህ እስኪሰማ ድረስ የሆነው ሆኗል።

ይህ ጥንቃቄ ከመከራ የተገኘ ነው። ኒር ሹሜከር በታሪክ የመጀመሪያዋ አስትሮይድ የዞረች መንኮራኩር ናት። ዲሴምበር 20 ቀን 1998 ኤሮስ ወደተባለው አስትሮይድ ስትቃረብ ፍጥነቷን ለማስተካከል ሞተሯን አስነሳች። ሞተሩ ወዲያው ቆመ። መንኮራኩሯ ተንገዳገደች፣ ድምፅዋ ከአንድ ቀን በላይ ጠፋ። ስትገኝ ብዙ ነዳጅ አባክናለች። ከሦስት ቀን በኋላ ኤሮስን በሩቁ አልፋ ሄደች። ነገር ግን ሲያቅዱ መጠባበቂያ ነዳጅ ትተውላት ነበር። ፀሐይን ዞራ ተመለሰችና ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2000 ኤሮስ ምህዋር ውስጥ ገባች። በዓመቱ ላዩ ላይ አረፈች። ያ ትርፍ ነዳጅ በወረቀት ላይ ሲታይ «ምን ያደርጋል?» የሚባል ዓይነት ነው። ጉዞውን ያዳነው እሱ ነው።

አለቱ እንደተባለው አይገኝም

ስለ ቤኑ ጥቂት ልቆይ። እንዲህ ዓይነት ጉዞ ሲታቀድ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም።

ከመሬትና ከጠፈር ቴሌስኮፖች የተገኘው መረጃ ቤኑ ለስላሳ እንደሆነ ይጠቁም ነበር። ሙቀት የሚይዝበትና የሚለቅበት ሁኔታ የደቃቅ ጠጠርን ይመስላል። እንደ ባሕር ዳር ማለት ነው። ስለዚህ ናሙና ለመውሰድ 50 ሜትር ስፋት ያለው ንጹሕ ሜዳ ይገኛል ተብሎ ታቀደ። በዲሴምበር 2018 ሲደረስ የተገኘው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ቤት የሚያክሉ ቋጥኞች ሞልተዋል። ድንጋዮቹ ውስጣቸው ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ነው ሙቀታቸው ጠጠር የመሰለው። ከሁሉ የተሻለው ቦታ ስፋቱ 16 ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ቡድኑ ዕቅዱን ቀደደው። በሌዘር ርቀት እየለኩ መውረድ የሚለው ቀረ። በምትኩ መንኮራኩሯ በካሜራዋ የምታየውን ገጽ ኮምፒውተሯ ውስጥ ካለው ካርታ ጋር እያስተያየች በራሷ እንድትወርድ አስተማሯት። አደገኛ ቋጥኝ ላይ የምታርፍ መስሎ ከታያት ራሷ ተመልሳ እንድትነሳም አዘዟት። ኦክቶበር 20 ቀን 2020 ወረደች። ከታለመላት ነጥብ 1 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሳተችው። ክንዷ መሬቱን ሲነካ መሬቱ አልተቋቋማትም፤ ክንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ሰመጠ። ሞተሯ ወደ ላይ ባይገፋት ኖሮ መስመጧን ትቀጥል ነበር። በ2023 ወደ መሬት የተመለሰው ናሙና 121.6 ግራም ሆነ። የተፈለገው ቢያንስ 60 ነበር።

ለዚህ ሁሉ ለውጥ ሁለት ዓመት ገደማ ወስዷል። ያ ጊዜ የተገኘው ከመጀመሪያውኑ በዕቅዱ ውስጥ ለመማሪያ የተተወ ሰፊ ጊዜ ስለነበረ ነው። ሳይንቲስቶች ያላዩትን ነገር ይሳሳታሉ፤ ይህ ነውር አይደለም። ለመሳሳት ቦታ ሳይተዉ ማቀድ ግን ከባድ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

በኖቬምበር 2023 ደግሞ የናሳዋ ሉሲ መንኮራኩር በአንድ ትንሽ አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። ስሙ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ድንቅነሽ ይባላል። ጉዞው ለሙከራ ያህል የተደረገ ነው። ከዚያ ጥንድ ሆኖ አረፈው። በኋላ የመጡት ፎቶዎች ሲታዩ ጨረቃዋ ራሷ ሁለት ተጣብቀው ያሉ ድንጋዮች ናት። ሰላም ተብላ ተሰየመች። ድንቅነሽ ከመሬት ራቅ ያለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ነው ያለው። ነገር ግን ለመሬት ቅርብ ከሆኑትም ወደ 15 በመቶ የሚሆኑት ጥንድ እንደሆኑ ይገመታል። ምክንያቱ ውብ ነው። አለቶቹ የተለያየ ድንጋይ ክምር ናቸው። የፀሐይ ሙቀት በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሽከረክራቸዋል። ሽክርክሪቱ ሲበዛ ከወገባቸው ድንጋይ ይለቃሉ፤ ያ ተሰብስቦ ጨረቃ ይሆናል። ዲዲሞስ ዛሬም በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ አንዴ ይሽከረከራል። ወገቡ ላይ ያለ ድንጋይ ተጣብቆ የቆየው ለጥቂት ነው።

ሦስት ሲሆኑስ? የብራዚል ተመራማሪዎች አስቴር በተባለ ዕቅድ ለዓመታት ሲያጠኑት የቆየው 2001 ኤስኤን263 ሦስት አካላት አሉት። ትልቁ ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። አንዱ ጨረቃ በ4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሌላው በ17 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ይዞሩታል። በኮምፒውተር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ምናባዊ መንገዶችን ሞከሩ። ብዙዎቹ ከአንዱ አካል ጋር በመጋጨት ወይም ተወርውሮ በመውጣት ያበቃሉ። ግን አንድ ነገር አገኙ። ጨረቃዎቹ ከሚሄዱበት በተቃራኒ አቅጣጫ መዞር ብዙ ጊዜ የበለጠ ይበረክታል። ከጨረቃዎቹ ጋር የሚቆዩበት ጊዜ ስለሚያጥር ጉተታውም ያንሳል።

ቀጣዮቹ ወራት

ሄራ ብቻዋን አይደለችም። ሆዷ ውስጥ ሚላኒና ጁቬንታስ የሚባሉ የጫማ ሳጥን የሚያካክሉ ሁለት ሳተላይቶች ይዛለች። ሚላኒ የአለቶቹን ማዕድንና በዙሪያቸው ያለውን አቧራ ያያል። ጁቬንታስ ራዳር ይዟል፤ የዲሞርፎስን ውስጥ ለማየት። ዋናዋ መንኮራኩር የማትደፍረውን ርቀት የሚደፍሩት እነሱ ናቸው። ቢጠፉ ያሳዝናል፤ ጉዞው ግን አይቆምም። አደጋን እንዲህ ከፋፍሎ መያዝ ብልህነት ነው እላለሁ።

ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ደግሞ ቀጠሮ የማያስተላልፍ ነው። ኤፕሪል 13 ቀን 2029 አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ ከመሬት በ32 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ያልፋል። አይመታንም። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ቀድሞ ደርሶ የሚጠብቀውን ራምሴስ የተባለውን ጉዞ ከሄራ በተወረሰ ንድፍ እያዘጋጀ ነው፤ መነሻው በ2028 ነው። የኤይም ዓይነት መሰረዝ እዚህ ከተደገመ ማካካሻ የለውም።

ለጊዜው ግን ዓይን ሁሉ ዲዲሞስ ላይ ነው። ዲሞርፎስ ስትዞር ዲዲሞስንም ትጎትተዋለች። እሱም በየ11 ሰዓት ከ23 ደቂቃው ወደ አሥር ሜትር በሚጠጋ ልክ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የሄራ ካሜራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ20 ኪሎ ሜትር ማዶ ሆኖ የሚለካው ይህን ውዝዋዜ ነው። ከእሱ የጨረቃዋ ክብደት ይወጣል። ያ ቁጥር ሲገኝ የ2022ቱ ግፊት ስሌት ይዘጋል። ዳርምሽታት ያሉት ሰዎችም አዲሱን ክብደት ይዘው የሚቀጥለውን ቅስት ያሰላሉ፤ በዚያኛው ሄራ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ትጠጋለች።